ከ«ግን» በፊት የቆረጥኩት

ይህን ለባለቤቴም ለአለቃዬም ተናግሬ አላውቅም። የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎች እናንተ ናችሁ፤ እናንተም ብትሆኑ በጥርጣሬ ስሙኝ።

ኢብራሂም የጨፋ ሮቢት ገበሬ ነው። የሽንኩርት ማሳውን ፀረ ተባይ ሲረጭ ውሎ ታመመ፤ አስታወከው፣ ላብ አጠመቀው፣ ተሻለው። ሳምንታት ቆይቶ እግሮቹ ደነዘዙ። ማረስ ስላቃተው ጎረቤቶቹ በጅጌ ተሰባስበው ያርሱለት ጀመር። ለሬዲዮ ልዘግብ ስሄድ «ወላሂ፣ መሬቱን ስረግጠው አይሰማኝም» አለኝ። አላመንኩትም። በሥራዬ ብዙ መሐላ ሰምቻለሁ፤ የሚምል ሰው እጠረጥራለሁ።

ለምርመራ አብረን ከሚሴ ሄድን። ከባጃጅ ሲወርድ አንድ ጫማው ወልቆ ቀረ፤ እሱ ግን በጋለው አስፋልት ላይ መንገዱን ቀጠለ። «ጋሼ፣ ጫማዎን ትተው ወዴት?» አለ ባለባጃጁ። እኔ ምን አሰብኩ? እንዳየው ብሎ ነው፣ አልኩ።

ሐኪሙ በመቅረጫዬ እንዲህ አለኝ፦ «በደሙ ያለው ኢንዛይም ደህና ነው፤ ግን ደም ቶሎ ያገግማል። መርዙ ነርቩ ውስጥ ያለውን ኢንዛይም ያኔውኑ መትቶት ከሆነ፣ ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው።»

ዘገባውን ሳቀናብር ድምፁን ከ«ግን» በፊት ቆረጥኩት። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ሰዓት አጥሮኝ ነበር ልበል? አልነበረም። የቀረው ንግግር ጥርጣሬዬን ስለሚያፈርስብኝ ቆረጥኩት።

ዘገባው ከተላለፈ በኋላ፣ በገበያ ቀን ጎረቤቶቹ «ኢብሬ፣ ዛሬስ የትኛው እግርህ ነው የደነዘዘው?» ሲሉት ሰማሁ። «የሬዲዮው ሰውዬ ያውቅላችኋል፣ እሱን ጠይቁት» አላቸው። ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ። በዚያ ክረምት ለጅጌ የመጣለት የለም። ማሳው ጦም አደረ።

በቅርቡ አገኘሁት። በምርኩዝ ነው የሚሄደው። «አካም ጅርታ፣ ደህና ነህ?» አለኝ፣ እጄን ይዞ። «አውፍ በለኝ» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ይቅርታ ብለምነው፣ ምን እንደበደልኩት እንኳ ሳይጠይቅ አውፍ እንደሚለኝ አውቃለሁ። ያልነገሩትን በደል ይቅር ማስባልስ ሌላ መቁረጥ አይደለም?

የሐኪሙ ድምፅ አሁንም ሙሉው እኔ ጋ አለ። ይህን ስጽፍም ራሴን እጠረጥራለሁ፤ ለእናንተ መናገር ለጨፋ ሮቢት ገበያ ከመናገር ይቀላልና። ስለዚህ ይቅርታ አልጠይቃችሁም። መጀመሪያ ጎረቤቶቹ ከ«ግን» በኋላ ያለውን ይስሙት።