መስኮት ተዘግቶ የተጠራ ስም

ናዝሬት ላይ በዚያ የቀይ ሽብር ዘመን ለቅሶ ራሱ ወንጀል ነበር። ልጇን አናርኪስት ብለው የገደሉባት እናት ደረት መምታት፣ ሙሾ ማውረድ አትችልም። ጎረቤት ሰምቶ ቢያወራባት ያስጠይቃታል። እናቶች እንባቸውን እንደ ጦር መሣሪያ ይደብቁት ነበር።

ድሬሰር መሰለች ያንን የተደበቀ እንባ በእጇ ታውቀዋለች። የምትሠራበት ክሊኒክ ድረስ "ደረቴን ያዘኝ፣ አየር አጠረኝ" እያሉ የሚመጡትን ሴቶች ስትዳስሳቸው ትከሻቸው ድንጋይ ሆኖ ታገኘዋለች። ኪኒን አያለዝበውም፤ መርፌ አይፈታውም።

እሷም አንድ ጊዜ እንደዚያ ነበረች። በሽተኛ ስታነሳ ወገቧ ተጎድቶ ስትንፏቀቅ፣ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ አስተማሪ የነበሩት ህንዳዊው ሚስተር ካምብሌ ዮጋ አስተማሯት፤ ሰውነትን ቀስ አድርጎ መዘርጋት፣ መተጣጠፍ፣ ትንፋሽን መከተል። ወገቧ ሲሻላት የቡድሃ ተከታዮች የሚቀመጡትን አቀማመጥ ጨመሩላት። ዓይን ጨፍኖ ዝም ማለት፣ ከዚያ በልብ መልካም መመኘት፤ መጀመሪያ ለራስ፣ ቀጥሎ ለሚወዱት፣ መጨረሻ ላይ ስሙን ጠርቶ ለበደለ ሰው።

"እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ጌታዬ። ማተቤን አልበጥስም" አለቻቸው።

"ማን በጥሺ አለሽ?" አሉ በተሰባበረ አማርኛ እየሳቁ። "ትንፋሽ ማተብ የለውም።"

እሳቸው አገራቸው ከገቡ በኋላ መሰለች ሁለቱን ትምህርት አጣምራ ለሰው ታካፍል ጀመር። በእረፍቷ ወንጂ ወርዳ የሸንኮራ ቆራጮችን ወገብ ታፍታታለች። እሁድ ከሰዓት በኋላ ያዘኑ ሴቶችን ቤቷ ሰሌን ላይ ታስቀምጣለች። ትንፋሽ የሚለካበት የሚስተር ካምብሌ የእንግሊዝኛ ቆጠራ ለሴቶቹ አልሆን ሲላቸው፣ በእሹሩሩ ዜማ ገጠመችላቸው፦

ሂጂ ትንፋሼ ሆይ፣ ደግሞም ነይልኝ፣
ደረቴ ላይ ያለ ድንጋይ አንሺልኝ።

ከሴቶቹ አንዷ ወይዘሮ ዘውድነሽ ነበሩ። አንድ ልጃቸውን ሐዲስን አስወስዶ ያስገደለው የቀበሌው ሊቀመንበር ሰብስቤ ነው፤ እዚያው ሰፈር ያደገ፣ ከሐዲስ ጋር ከአንድ ትሪ የበላ። ዘውድነሽ ከዚያ ወዲህ ጋደም ሲሉ ትንፋሻቸው ይቆረጣል። ቁጭ ብለው ነው የሚያነጉት። መልካም ምኞቱም ከበደለ ሰው ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ዝም ይሉ ነበር።

አንድ እሁድ ግን፣ አቧራው ነፍሶ መስኮቱ በተዘጋበት፣ ከንፈራቸው ተላቀቀ።

"ሰብስቤ" አሉ በሹክሹክታ።

ውጭ የአብዮት ጥበቃው መርዳሳ ግድግዳው ጥላ ስር ቆሞ ነበር። የቀበሌ ሊቀመናብርት በጠራራ ፀሐይ እየተተኮሰባቸው በሚወድቁበት ሰሞን፣ በተዘጋ ቤት የሊቀመንበር ስም በሹክሹክታ ሲጠራ ትርጉሙ ለመርዳሳ አንድ ብቻ ነው። ሊገድሉት ነው። ሁልጊዜ መሰለችን "አካም ኦልቴ፣ እህቴ?" ብሎ እንዴት ዋልሽ የሚላት ሰው ያን ቀን ሰላምታ አልነበረውም። በሩን በእግሩ በረገደው።

መሰለችንና ዘውድነሽን ቀበሌ ወሰዳቸው። ሰብስቤ ዓይኑ ቀልቷል። ሽጉጡ ጠረጴዛው ላይ ነው።

"ስሜን ምን ልታደርጉበት ነው?"

"መልካም ልንመኝልዎ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር" አለች መሰለች።

"ለእኔ? እናንተ?" ሳቀ። "ጠንቋይ ሆናችኋል ወይስ የሕቡዕ ሴል አቋቋማችሁ?"

"የህንዶች የትንፋሽ ልምምድ ነው። የበደለንን ሰው ስም ጠርተን፣ ከፍርሃት ይዳን እንላለን።"

የደነገጠችው ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። የበደለን! ምን አለች?

"ማን ነው የበደላችሁ?" እጁ ወደ ሽጉጡ ሄደ። "ማን ነው የፈራው?"

ሰብስቤ ዘውድነሽን ሳያያቸው፣ "እሳቸው ይበሉት። እዚሁ፣ እፊቴ። ካላሉ ውሸት ነው፤ ወደ ቤት መመለስ የለም" አለ።

የዘውድነሽ ትንፋሽ ተቆረጠ። መሰለች እጃቸውን ያዘች። መዝፈን አትችልም፤ ትንፋሿን ብቻ እንዲሰሙት አድርጋ ሳበች፣ ለቀቀች። ሂጂ፣ ነይልኝ። የዘውድነሽ ትንፋሽ ቀስ እያለ ተከተላት።

"ሰብስቤ" አሉ ዘውድነሽ። "ጤና ሁን። ከፍርሃት ዳን። እናትህ እኔ ያየሁትን አትይ።"

ከዚያ ሲታፈን የከረመው ወጣ። "ሐዲስዬ! ልጄ!" ደረታቸውን መቱ፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፤ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሙሾ አወረዱ። መርዳሳ ጠመንጃውን አንስቶ የሰብስቤን ዓይን ጠበቀ። መሰለች ዓይኗን ጨፈነች።

ተኩስ አልመጣም።

"መስኮቱን ዝጋው" አለ ሰብስቤ።

መርዳሳ ግራ ተጋባ። "ጓድ..."

"መንገድ ላይ ይሰማል። ዝጋው አልኩህ!"

ዘውድነሽ እስኪበቃቸው አለቀሱ። ሰብስቤ ጠረጴዛውን እያየ ተቀመጠ፤ እጁን ከሽጉጡ ላይ አነሳ። በመጨረሻ፣ "ሂዱ። ስሜን ሁለተኛ እንዳልሰማ" አለ።

ዘውድነሽ በማግስቱ መሰለች ዘንድ ሲመጡ ፊታቸው ላይ የትራስ ምልክት ነበር። ተኝተው አድረዋል።

በሚቀጥለው እሁድ መሰለች ሰሌኑን ይዛ ደጇ ላይ ብዙ ቆመች። የጋሪ ድምፅ ሲያልፍ ልቧ አብሮት ይሮጣል። ሴቶቹ ግን አንድ በአንድ መጡ። የመርዳሳ ጥላም መጥቶ መስኮቱ ስር ቆመ።

የበደለው ሰው ተራ ደረሰ። ማንም ስም አልጠራም። የዘውድነሽ ከንፈር ያለ ድምፅ ሲንቀሳቀስ መሰለች አየች። ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ጥላው አልተንቀሳቀሰም። ይዛው የቆየችውን ትንፋሽ ቀስ አድርጋ ለቀቀችው።