ዓላማ የሌለው እንቅስቃሴ

የቦንጋ ሰው ብቻውን በእግሩ የሚሄድ ሰው ሲያይ አያስችለውም። እኔን ያስመረረኝ ስኳር በሽታው ሳይሆን ይሄ ነበር።

በሽታው የተገኘብኝ የዞን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሳለሁ፣ ባጃጅ ከተማውን ባጥለቀለቀበት ሰሞን ነው። የጤና ጣቢያው ነርስ የውስጥ እግሬን በመርፌ ጫፍ እየነካካች "ይሰማዎታል?" አለችኝ። "አዎ" አልኳት። ውሸቴን ነበር፤ ምንም አልተሰማኝም። ሳይገባት አልቀረም፣ ኮስተር ብላ "ኪኒኑ ብቻውን አያድንዎትም። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለው ይራመዱ፤ ማታ ማታ እግርዎን ይመልከቱ። አለበለዚያ ይህን እግር ያጡታል" አለችኝ።

ከማግስቱ ጀምሮ ከቢሮ ስወጣ ወደ ማንኪራ ጫካ በሚወስደው መንገድ መራመድ ጀመርኩ። ግን ማን ያስኬደኛል! ባጃጁ ሁሉ አጠገቤ እየቆመ "ጋሼ፣ ይግቡ!" ይለኛል። አልፈልግም ስል ሳንቲም ያጣሁ መስሎት በነፃ ካልወሰድኩዎት ብሎ ይሟገተኛል። ያገኙትን ሰው ቆመው የቤተሰቡን ደህንነት ሳይጠይቁ ማለፍ ንቀት ስለሆነ ሰላምታው ብቻውን ግማሹን ሰዓት ይበላዋል። አንዲት እትዬ የምላቸው ጎረቤቴ ደግሞ ደጃፋቸው ላይ ጠብቀው፣ እጄን ጎትተው ያስገቡኝና ማር ያቀርቡልኛል። "ስኳር አለብኝ" ስላቸው "ይሄ እኮ የጫካ ማር ነው! ስኳር የሱቁ ነው" ብለው ይቆጡኛል።

ቢሆንም አልተውኩም። አራት ወር ሙሉ በዝናብም በጭቃም ሄድኩ፤ ስኳሬም ወረደ።

በዚያን ጊዜ መሥሪያ ቤቱ በአንድ ለአምስት ተደራጅቶ ነበር፤ አንዱ የአምስቱን ገመና ይለቅማል። የእኛ ቡድን መሪ በዕድሜ የሚያንሰኝ፣ ደብተሩን ከብብቱ የማይለይ ሰው ነበር። በግምገማው ቀን ያንኑ ደብተር ገልጦ ተነሣ። "እኚህ ወንድማችን በየቀኑ ብቻቸውን ወደ ጫካው መንገድ ይሄዳሉ። ባጃጅ ቢለምናቸውም አይሳፈሩም። ማንን ለማግኘት ነው?"

"ለጤናዬ ነው" አልኩ። ቤቱ ሳቀ። ኃላፊያችን "የሐኪም ማስረጃ አለ?" አሉ። የነርሷ ቃል እንጂ ወረቀት አልነበረኝም። ቃለ ጉባኤው ላይ "ዓላማ የሌለው እንቅስቃሴ" ተብሎ ሰፈረ። ግለ ሂስ አድርግ ሲሉኝም ተነሥቼ፣ ከእንግዲህ እንደማልሄድ ቃል ገብቼ ፈረምኩ። ማንም እጄን አልጠመዘዘኝም፤ እድገት እየጠበቅኩ ነበር። ይህን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ራሴን በጥፊ ማጮል ያምረኛል።

ክረምቱን ተቀምጬ አሳለፍኩት። መራመዱን ስተው እግሬን ማየቱንም አብሬ ተውኩ፤ ስኳሬም ወጣ። አንድ ቀን ቦቲዬ ውስጥ የገባች ጠጠር ስትፈትገኝ ውላ አልተሰማኝም። ቁስሉን ያየሁት ከሸተተ በኋላ ነው። ሆስፒታል ገብቼ ሁለት ጣቶቼ ተቆረጡ። እድገቱን ለሌላ ሰው ሰጡት።

ቁስሉ ሲድን እያነከስኩ ወደ መንገዴ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ባጃጅ ሲቆምልኝ እገላምጠዋለሁ፤ ሰላም ለሚለኝ እጄን ብቻ አነሣለሁ። እትዬም ተቀየሙኝ። ይቀየሙ!

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከኋላዬ የሚያለከልክ ሰው ደረሰብኝ። የቡድን መሪው ነበር።

"ጋሼ፣ እኔም ስኳር ተገኘብኝ" አለኝ። "ተራመድ ተባልኩ። ብቻዬን ስሄድ ሰው ያፈጥብኛል፣ አብረን እንሂድ።"

ለእሱ ብዬ ያጠራቀምኩት የስንት ዓመት ስድብ ነበረኝ። ልጀምርለት አፌን ስከፍት፣ ወደ እግሬ አየና ከልቡ አዝኖ "ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው የሚያነክሱት?" ብሎ ጠየቀኝ።

ረስቶታል። የሰውን እርምጃ ሁሉ በደብተር ሲጽፍ የኖረው ሰውዬ ረስቶታል። ስድቡ አፌ ውስጥ ቀረ። እርምጃዬን አፋጠንኩ፤ "ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ!" እያለ ሲጣራ ይሰማኝ ነበር፤ ዞር ብዬም አላየሁት።