በማኅተም የታሸገው ባካፕ

ሁለት ሳምንት ሐዋሳ ሠልጥኜ ስመለስ በሶዶ ከተማ ብቸኛው የዳታቤዝ ባለሙያ እኔ ነበርኩ። ምናልባት ሌላም ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን አልጠየቅሁም። ከዚያ በፊት በአንድ ኮሌጅ ሬጅስትራር ውስጥ የፋይል አቧራ የማራግፍ ሰው ነበርኩ። ያኔ ቢፒአር የሚባለው ለውጥ ቢሮውን ሁሉ ሲያገላብጥ ፋይሉ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ፤ እኔም አብሬ ገባሁ። የተማሪው ስም፣ የመጣበት ወረዳ፣ ውጤቱና ፎቶው ሁሉ እኔ እጅ ላይ ወደቀ።

ሰው የሚጠይቀኝ ሁልጊዜ ያንኑ ነበር። «ለምንድነው ይሄ ነገር የሚንቀራፈፈው?» ይላል ዲኑ። የአንድ ተማሪ ስም እስኪወጣ ቦዲቲ ከተማ ደርሼ፣ ሥጋ በልቼ እመለሳለሁ እለው ነበር። እውነቱን ለመናገር ኢንዴክስ መሥራት ረስቼ ነው፤ ማሽኑ ማውጫ እንደሌለው መጽሐፍ እያንዳንዱን ስም ከመጀመሪያው ጀምሮ ያነባል። «መብራት ሲጠፋስ ዳታው የት ይሄዳል?» ይላል የንብረት ክፍሉ ኃላፊ። «አረካ ከተማ፣ ዘመድ ጥየቃ» እለዋለሁ። «ማሽኑ ቢሞትስ?» ይላል ደግሞ። ለዚህ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምመልሰው፦ ተጠባባቂ ማሽን አለን፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይነሣል። ሁለቱም የተሰኩት አንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ላይ መሆኑን ማንም አልጠየቀኝም።

የምኮራው ግን በባካፑ፣ በመጠባበቂያ ቅጂው ነበር። ዓርብ ዓርብ ዳታቤዙን ሲዲ ላይ እገለብጣለሁ። ሲዲው ፖስታ ውስጥ ይገባል፣ ፖስታው ይታሸጋል፣ ሦስት ሰው ይፈርምበታል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ካዝና ውስጥ ይቆለፍበታል። ያንን ማኅተም ለመቅደድ ኮሚቴና ቃለ ጉባኤ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንዱንም ከፍቶ ያየ ሰው የለም።

አንድ ቀን ከገሱባ በኩል አንድ ገበሬ መጡ። ልጃቸው የሁለተኛ ዓመት ተማሪያችን ነበረች፤ በወባ ሞታ ከተቀበረች ሁለት ሳምንቷ ነው። ቤታቸው ውስጥ አንድም ፎቶዋ የለም። መታወቂያዋ ሐኪም ቤት ሲያመላልሷት በዝናብ ርሶ ፊቷ ነጭ ሆኗል። የዶርም ጓደኞቿ ናቸው «ኮምፒውተር ውስጥ አለች» ብለው የላኳቸው።

«አለች ወይ?» አሉኝ በወላይትኛ።

ፈለግኋት። ማሽኑ እንደ ልማዱ ሲጎተት ቆየ፤ ከዚያ ፊቷ ወጣ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ብዙ አዩዋት።

«ስጠኝና ልሂድ፣ ልጄ። እናቷ እየጠበቀች ነው።»

«አባባ፣ የፕሪንተሩ ቀለም አልቋል። ግዢ ጠይቀናል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይምጡ።»

«እስከዚያ አትጠፋም?»

«እርስዎ ደግሞ! እኔ ጋ የተመዘገበ ሰው ይጠፋል? በፍርድ ቀን መላእክቱ ራሳቸው ዝርዝሩን ከእኔ ነው የሚገለብጡት።»

ሳቅ አሉ። ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳቅኋቸው እኔ ነኝ ብዬ ኩራት ተሰማኝ። ፍላሽ ኪሴ ውስጥ ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ቤት አለ። በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። ገልብጬ እዚያ ማሳተምን አላሰብኩትም።

ሰኞ መብራት ጠፋ። ማክሰኞ ሲመለስ በኃይል መጣና ሁለቱን ማሽኖች ባንድ ጊዜ አቃጠላቸው። ዲኑ ላብ ላብ ሲለው እኔ እቀልዳለሁ፤ ካዝናው አለ ብዬ። ኮሚቴ ተሰየመ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ የመጨረሻው ፖስታ ተቀደደ። ሲዲው ላይ የነበረው ሾርትከት ብቻ ነው፤ ዳታቤዙን ለመክፈት ስክሪኑ ላይ የምንጫናት ያቺ ትንሽ ምልክት። ሁለተኛውን ቀደድን። ሦስተኛውን። በየዓርቡ የቤቱን በር ሥዕል እያሸግሁ ቤቱን ውጪ አሳድሬው ኖሯል። የመጨረሻው ሲቀደድ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ፣ «ማኅተሙ ግን አንዱም አልተነካም» አለ፤ ሊያጽናናኝ ብሎ ነው።

ስምና ውጤቱን ከወረቀት መልሰን አስገባን፤ ወራት ፈጀብን። ፎቶዎቹ ግን ወረቀት ላይ አልነበሩም። እኔው በካሜራ አንሥቼ፣ ማሽኑ ላይ ገልብጬ፣ ለሚቀጥለው ክፍል ቦታ እንዲኖር ከካሜራው ያጠፋኋቸው ናቸው።

ገበሬው ግን በዚያው ሳምንት፣ በቀጠሯቸው ቀን መጡ። ቀልድ ፈለግሁ፤ አፌ ላይ አንድም አልነበረም። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«እኔስ አንዴ አይቻታለሁ» አሉ። «እናቷን ግን ምን ልበላት? በር ላይ ናት። አንተ ንገራት፤ ፎቶውን ያነሣኸው አንተ ነህ።»

እናትየዋ ግቢው በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አዲስ የተገዛ የፎቶ ፍሬም በፌስታል ይዘዋል። እንደምንም ነገርኳቸው። መብራቱን፣ መቃጠሉን ሰሙኝ። የጠየቁኝ ግን ሌላ ነው።

«ፎቶው ላይ ትስቃለች?»

ለመታወቂያ ስናነሣ ማንም እንዲስቅ አንፈቅድም ነበር። ፊቷን ላስታውስ ታገልኩ፤ በካሜራዬ ፊት ያለፉት ልጆች ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ የሚያየኝ አንድ ፊት ሆኑብኝ።

«ትስቃለች» አልኳቸው። «ጥርሷ ሁሉ ይታያል።»

አባትየው ፎቶውን ያዩ ሰው ናቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ዞሩና፣ «አዎ፣ ትስቃለች» አሉ። ፌስታሉን ተቀበሏቸው፤ ሁለቱም ወደ መናኸሪያው ቁልቁል ወረዱ።