ወተት በፍልሰታ

በደርግ ጊዜ ነው። ባሕር ዳር፣ ፍልሰታ በገባ ሰሞን የላምባ ምድጃ ተገልብጦ የልጄን ደረትና ክንድ አቃጠለው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሐኪም ቤት እንደተኛች ሲስተሯ ጠጋ ብላ ነገረችኝ።

«እናቴ፣ ቃጠሎ ቆዳ ላይ ብቻ አይቀርም። ሆዷ ባዶውን ከዋለ ጨጓራዋ ቆስሎ ይደማል። ተጋድማ ከዋለች ደግሞ አክታው ሳንባዋ ውስጥ ይቀርና እዚሁ የሳንባ ምች ይይዛታል። መድኃኒቱን እኔ እሰጣለሁ። ወተቱ፣ ቀና ማድረጉ፣ ማሳሉ የእርስዎ ነው።»

የነፍስ አባታችን ደሴት ላይ ነበሩ። ታንኳ እስኪያመጣቸው ሆዷ አይጠብቅም። ወተቱን አቀረብሁላት፤ አፏን ገጠመች።

«እማዬ፣ ጾም ነው። በልቼ ብሞትስ?»

«ጠጪ። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።»

እያለቀሰች ጠጣች። አፏን በጨው ውኃ አጠብሁላት። ጋቢ ከጀርባዋ ደርድሬ ቀና አደረግኋትና «ሳይ» አልኋት። ስትስል ጮኸች። «ድገሚ» አልኋት።

በዚህ መሐል የባለቤቴ እህት ከዱርቤቴ ደረሰች።

«አንቺ ሴት፣ አረመኔ ሆንሽ? ተያት እንጂ፣ ትረፍ!»

«እኔ እንድታርፍ አይደለም የምፈልግ፤ እንድትተርፍ ነው።»

«በፍልሰታ ወተት! ካድሬ ሆንሽ በይኛ!»

«አዎ፣ ካድሬ ነኝ። እጅሽን ታጠቢና ግቢ።»

ጠያቂ ሁሉ እጁን ሳይታጠብ አላለፈም። የሚያስለውን ከደጅ መለስሁ። ተቀየሙኝ፤ ይቀየሙ። ቀበሌ ለስብሰባ ጠርቶኝ ሳልሄድ ብቀር «ትቀጫለሽ» አሉኝ። «እዚሁ መጥተው ይቅጡኝ» አልሁ።

አንድ ጠዋት ልጄ ወተቱን ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች።

«ምነው እማዬ፣ ስኳሩን ረሳሽው?»

ሲስተሯ ሳቀች። እኔ እንባዬን እንዳያዩብኝ ወደ መስኮቱ ዞርሁ።

ጨጓራዋ አልደማም፤ ሳንባዋም አልታመመም። ቁስሏ ሽሮ ስትወጣ በቀጥታ ሐይቁ ዳር ካለችው ቤተ ክርስቲያን ወሰድኋት። የባለቤቴ እህት ደጀ ሰላሙ ላይ ጎተተችኝ።

«ለሻርሽው ጾም ንስሐ ግቢ እንግዲህ።»

«ንስሐ የምገባበትስ ሞልቶኛል። ለወተቱ ግን ምስጋና ነው ያመጣሁ።»

ገብቼ ሁለት ጧፍ አበራሁ። አንዱ የሲስተሯ ነበር።