አብዬ ከአንገቴ የፈቱት ሜዳይ

ንገሪን ብለው የያዙኝ ልጆቹ ናቸው እንጂ እኔስ ይህን ነገር አወራዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ስድሳ ዓመት ሊሞላው ነው። የሚያሳፍር ነገር ደግሞ ሰው እንዳረጀ ሻሽ አጣጥፎ ከሣጥኑ ታች ይከተዋል እንጂ አውጥቶ ፀሐይ ላይ አያሰጣውም። ግን ያን እሁድ እዚህ በሰው ሀገር፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ባሉበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ የሆነውን ካየሁ በኋላ ዝም ማለቱም አልሆነልኝም።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነበር። የልጄ ልጅ ናሆም ምሳ ልጋብዝሽ ብሎ ይዞኝ ሄደ። መኪናውን ፓርክ ለማድረግ ሰፈሩን ሦስቴ ዞርነው፤ እሁድ እሁድ እዚያ መንገድ ላይ ቦታ ያገኘ ሰው ጸሎቱ የተሰማለት ነው። እህቱ መቅደስ ከወደ ላይ፣ ወጣቶቹ ልብስ ከሚሸምቱባቸው ሱቆች በኩል በእግሯ መጣች። አዲስ ጥቁር ጃኬት ለብሳለች። ደረቱ ላይ በግራም በቀኝም ሜዳይ ተደርድሮበታል፤ ቀይ ጥብጣብ፣ አረንጓዴ ጥብጣብ፣ ከሥሩ ኮከብ፣ ከሥሩ ጋሻ። ስትራመድ ይንቃጨላል። አምሮባት ነበር፣ አልዋሽም። ግን ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። አንድ ቀን ከራሴ ደረት ሰምቼዋለሁ።

ምግብ ቤቱ ውስጥ ጋሽ ታደሰ ብቻቸውን ጥብስ አዘው ይበላሉ። ጋሽ ታደሰ የድሮ ወታደር ናቸው። እዚህ ሀገር ከመጡ ጀምሮ ሁለት መንገድ አልፎ ያለ ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራሉ። አንድ ጉልበታቸው አይታጠፍም። ለምን እንደሆነ ጠይቀናቸው አናውቅም፤ እሳቸውም ነግረውን አያውቁም። ሰላምታቸው ሞቅ ያለ፣ ቀልድ የማይጠፋቸው ሰው ናቸው። መቅደስን ሲያዩ ግን እጃቸው ትሪው ላይ ቀረ።

«ነይ እስኪ ልጄ» አሏት። «ይሄን ሁሉ የት ዘምተሽ አገኘሽው?»

መቅደስ ቀልድ መሰላት። «እዚሁ ፌርፋክስ፣ ጋሼ! ሴል ላይ ነበር፤ በግማሽ ዋጋ!»

አስተናጋጇ ሳቀች። ናሆም ሳቀ። እኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣ ፈገግ አልኩ። ጋሽ ታደሰ አልሳቁም። የጠቀለሉትን ጉርሻ ቀስ ብለው ትሪው ላይ መልሰው አስቀመጡት፤ ጣታቸውን በወረቀት ጠርገው፣ ያን የማይታጠፍ እግራቸውን እየጎተቱ ወጡ። ሰው የጠቀለለውን ሳይጎርስ ከማዕድ ሲነሳ ያየሁት መርዶ ሲነገረው ብቻ ነው። ጉርሻዋ ትሪው ላይ ቁጭ እንዳለች ነበረች፤ አስተናጋጇ እንኳ ለማንሳት እጇ አልታዘዝ አላት።

ወደ ቤታችን፣ ወደ ኢንግልዉድ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ክርክር ተነሳ።

«ምን አደረግኩ?» ትላለች መቅደስ። «ዲዛይን እኮ ነው! የማንም አይደለም።»

«ዲስሪስፔክት ነዋ፣ ንቀት» አለ ናሆም። «ያን ለማግኘት የሞተ ሰው አለ።»

«ሶ አንተ የወታደር ሱሪ ለብሰህ ጂም ትሄድ የለ? መቼ ዘመትክ?»

ናሆም ሬዲዮውን ከፍ አደረገ። መቅደስ ዝቅ አደረገችውና ወደ ኋላ ዞረች። «እማማ፣ አንቺ ንገሪን። ነውር ነው?»

እጄን ዘርግቼ አንዱን ሜዳይ ያዝ አደረግሁት። እንደ ጠርሙስ ቆርኪ ቀለለኝ። «ምን ብዬ ልፍረድ» አልኳት፤ «እኔም አድርጌዋለሁ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ናሆም ንቅንቅ አልል አለ። ከኋላችን ጡሩምባ ተነፋ። «አንቺ? ሜዳል? አንቺ!»

«እኔ። ለዚያውም የእውነቱን።»

ያደግሁት ሆለታ ነው። እናቴን በልጅነቴ ስላጣሁ ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው፤ አብዬ ደምሴ ነበር የምላቸው። አብዬ ኮርያ ዘምተው የተመለሱ ሰው ነበሩ። ስለ ጦርነቱ ግን አንድም ነገር አይወጣቸውም፤ የሚያወሩት ስለ ብርዱ ብቻ ነው። ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጥቶ እኛ ስንንቀጠቀጥ «ይሄማ የኮርያ ብርድ ግልገል ነው» ይሉ ነበር። ሌላው ዘማች በበዓል ቀን ሜዳዩን ደረቱ ላይ ደርድሮ ሲወጣ እሳቸው ባዶ ካፖርታቸውን ለብሰው ይወጣሉ። ሰው ሲጠይቃቸው «ሣጥን ውስጥ ናቸው፤ አይበርዳቸውም» ይሉታል።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጥምቀት ደርሷል። ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፣ መንገዱ አቧራ ለብሷል፣ ቤቱ ሁሉ የጠላ ብቅል ይሸታል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ? ቀሚሱስ ነበረኝ፤ የአብዬ ሚስት እትዬ አበበች ደረቱን በሰማያዊ የሐር ክር አስጠልፈውልኛል። ያጣሁት የአንገት ጌጥ ነው። ከብት ያላቸው ሰዎች ልጆች ጠገራ ብር አንገታቸው ላይ ደርድረው ይመጣሉ፤ አሥር ጠገራ ያንጠለጠለች ልጅ ሳትታይ ትሰማለች። የእኔ አንገት ላይ ከማተቤ በቀር ምንም የለ። ዛሬ ሳስበው ያ ምን ያስለቅሳል! ያኔ ግን በልቅሶ ትራሴን አርሻለሁ።

የአብዬን ሣጥን አቧራ የምጠርገው እኔ ነኝ። በከተራው ዋዜማ እትዬ አበበች ገበያ ሲሄዱ ከፈትኩት። ሦስት ሜዳይ አንድ ብረት ላይ ተሰክተው ተቀምጠዋል። አራተኛው ለብቻው በነጭ መሐረብ ተጠቅልሏል። ፈታሁት። ከሦስቱ ይልቅ ያበራል። ገልብጬ ባየው ጀርባው ላይ ሰው በቢላ ጫፍ መስቀል ጭሮበታል። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረስኩ፣ ፊደል አላውቅ፤ መስቀል ግን አውቃለሁ። ይሄስ ለታቦት ቀን የተሠራ ነው አልኩ።

ጥብጣባቸው የደበዘዘ ስለመሰለኝ በመቀስ ቆራርጬ ጣልኩት። አዎ፣ ቆረጥኩት! ይህን ስነግራት መቅደስ «ኖ፣ እማማ!» ብላ አፏን ያዘች። ከቀሚሱ ጥልፍ የተረፈውን ሰማያዊ ክር ጎንጉኜ አራቱንም ደረደርኳቸው። መስቀል ያለበትን መሀል ላይ አደረግሁት፤ መስቀሉ እንዲታይልኝም ጀርባውን ወደ ፊት አዞርኩት። አብዬ ስለማይወዷቸው አይፈልጓቸውም ብዬ ነው። ልጅ የትልቅ ሰው ዝምታ ሲያይ ባዶ ዕቃ ይመስለዋል፤ ያገኘውን ይከትበታል።

በጥምቀቱ ዕለት ታቦቱ ሲመለስ ከሴቶቹ ጭፈራ መሀል ገባሁ። ስዘል ይንቃጨላል። ልጃገረዶቹ ከበቡኝ። ጓደኛዬ አስናቀች «አንቺ፣ ኮርያ የዘመትሽው አንቺ ነሽ እንዴ?» ብላ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን ከአንገቴ አልነቀል ብሏል። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጠገራ ያላቸውን ሁሉ በለጥኳቸው።

ሜዳይ የደረደሩ አንድ ሌላ ዘማች ከዳር ሆነው ጮኹ። «የማን ልጅ ናት? የሰው ደም አንጠልጥላ የምትዘፍነው የማን ልጅ ናት?»

ከበሮው ቀጥ አለ። አስናቀች ከአጠገቤ ፈቀቅ አለች፤ ሁሉም ፈቀቅ አለ። ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ መንገድ ሲለቅ አብዬ ደምሴ ወደ እኔ ሲመጡ አየሁ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ዓይናቸው መሀለኛው ሜዳይ ላይ ነው።

«ከመሐረቡ ፈታሽው?» አሉኝ። በሹክሹክታ ነው ያሉት።

«አዎ አብዬ።»

እጃቸውን ሲያነሱ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጥፊውን ጠበቅሁ፤ ጥፊ አልመጣም። ጣታቸው ከማጅራቴ ላይ ቋጠሮውን ሲፈታ ተሰማኝ። ዓይኔን ስገልጥ ሦስቱን ከክሩ አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። «እነዚህ የእኔ ናቸው» አሉ። «ካማሩሽ ጨፍሪባቸው።» መስቀል ያለበትን ከነክሩ ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ወደ ቤት ሳይሆን በሙገር ወንዝ መንገድ፣ በአቧራው ውስጥ፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ ሄዱ።

በመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ዱላ ያውቁታል፤ ይህን ግን ምን እንደምለው አላወቅሁም። አራቱም ሜዳይ ለእኔ አንድ ናቸው። ሦስቱን ትተው አንዱን የነጠቁኝ ለምንድን ነው?

አብዬ ያን ቀን አልተመለሱም። በማግስቱም አልመጡም። እትዬ አበበች እንጀራ አልቀምስ አሉ። «ምን አደረግሽብን ልጄ? ሰውየው ከኮርያ ተርፈው በአንቺ ሊጠፉብን ነው?» ይሉኛል። እሳቸው ካልተመለሱ እኔ ቤት የለኝም፤ ከቤቱም ይልቅ የገደልኳቸው እኔ ነኝ ማለት ነው። የጣልኩትን ጥብጣብ ከጥራጊ ውስጥ ለቅሜ፣ አጥቤ፣ እያለቀስኩ ሦስቱ ሜዳይ ላይ መልሼ ሰፋሁትና ሣጥኑ ውስጥ ከተትኳቸው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ደረሱ። እስከ ጉልበታቸው አቧራ ለብሰዋል፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። «ውሃ አምጪልኝ» ብቻ ነው ያሉኝ። እግራቸውን ሳጥብ ቀና ብዬ ለማየት አልደፈርኩም። ከዚያ ሣጥኑን ከፈቱ፤ የሰፋሁትን አነሱ፤ አገላብጠው አዩት። ድንገት ሳቁ። «ሦስቱንም ዘቅዝቀሽ ሰፋሻቸው እኮ!» አሉ። አብዬ ከዘመቻ ከተመለሱ ወዲህ እንዲያ ከሆዳቸው ሲስቁ ሳይ ያን ቀን መጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሱትም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አራተኛውን ሜዳይ በንዴት ወንዝ ውስጥ ወርውረውታል ብዬ ኖርኩ።

ለልጆቹ እስከዚህ ነው የነገርኳቸው። ቤት ደርሰን መኪናው ከቆመ ቆይቷል፤ ማንም አልወረደም። መቅደስ በጣቷ ኮከቦቹን እየነካካች «ሶ፣ ነውር ነው ወይስ አይደለም?» አለችኝ።

«እኔ አላውቅም ልጄ። ተነስተው የሄዱትን ሰው ጠይቂ።»

በሚቀጥለው እሁድ ጃኬቱን ክንዷ ላይ አጣጥፋ ወደ ጋሽ ታደሰ ፓርኪንግ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። «ጋሼ» አለቻቸው፣ «ያን ቀን ማን ትዝ ብሎህ ነው?» እሳቸውን አንተ ማለቷን ሌላ ቀን እቆጣታለሁ። ጋሽ ታደሰ መኪና አስገቡ፤ መኪና አስወጡ። ከዚያ «ወንድሙ» አሉ። የሰው ስም ብቻ። መቅደስ ስሙን ቀስ ብላ ደገመችው። ነፋስ ነበር፤ ትከሻዋን ስትሰበስብ አይተው «ልበሺው እንግዲህ፣ ይበርድሻል» አሏት። ገልብጣ ለበሰችው፤ ሜዳዩ ከውስጥ፣ ገበሩ ከውጭ።

ያን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ የቀረውን አስታወስኩ። ለልጆቹ በአፌ አልነገርኳቸውም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ካሳደግሁ በኋላ ነውና ይኸው በገዛ እጄ ልጻፈው።

አብዬ ሲያርፉ የሦስት ልጆች እናት ነበርኩ። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ላይ ከሙገር ማዶ አንዲት የማናውቃት ሴት መጣች፤ ከልቧ አለቀሰች። ከእኔ አጠገብ ተቀመጠችና ወንድሟ በቀለ ከአብዬ ጋር ኮርያ ዘምቶ እዚያው መቅረቱን ነገረችኝ። አብዬ የጓደኛቸውን ሜዳይ ለእናቱ ላድርስ ብለው ተቀብለው፣ ፊቷን ማየት አቅቷቸው ዓመታት አስቀምጠውት ኖረዋል። አንድ ዓመት፣ በጥምቀት ማግስት፣ አቧራ ለብሰው ከደጃፋቸው ደረሱ። ተንበርክከው ሜዳዩን በገዛ እጃቸው እናቲቱ አንገት ላይ አሰሩት።

«እናቴ ከማተቧ ጋር አድርጋው ኖረች» አለችኝ። «ገበያም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ እርሻም ላይ። ክሩ ሰማያዊ ነበር። ሲያልቅ ሌላ እንቀይርልሽ ብንላት እሺ አላለችም። ‹ልጄ በእጁ የጎነጎነው ነው› ትል ነበር። ከነክሩ ቀበርናት።»

የጎነጎንኩት እኔ ነኝ አላልኳትም።