የመተማዋ እመቤት

ዛሬ ጠዋት ገንዳ ውሃ መነኸሪያ፣ የጎንደሩ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ፀጉሯ የሸበተ ሴት ብድግ ብላ እጅ ነሳችኝ። «እመቤቴ፣ ውሃ ላምጣልዎ?»

ተሳፋሪው ሁሉ «የየትኛው ባላባት ልጅ ናት?» በሚል ዐይን ዞሮ አየኝ።

የሰሊጥ አጫጅ ልጅ ነኝ።

ሴትዮዋ የድሮው የወረዳችን ሹም ልጅ ሰናይት ናት። በደርግ ጊዜ መተማ አብረን ስንማር «ሰሊጥ ሰሊጥ ትሸቻለሽ» ብላ ከዴስኳ አስነስታኛለች። አባቷ በየስብሰባው «ጭቁኑ ሕዝብ ያሸንፋል!» ይሉ ነበር። ጭቁኑ ሕዝብ እኔ ግን ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር።

ለአብዮት በዓል ድራማ ተዘጋጀ። ጭቁኗን ገረድ ለመሆን ሁሉም ተሻማ፤ መጨረሻ ላይ የሚጨበጨብላት እሷ ናታ! ሰናይት ወሰደቻት። ሁሉም የሚጠላት የባላባቱ ሚስት ለእኔ ተረፈች።

በዚያ ሙቀት ካባ ደርበውልኝ ወንበር ላይ ተኮፈስኩ።

«አንቺ! ውሃ አምጪ!» አልኳት። አመጣች።

«ሞቋል፣ መልሺው!» ይህ ድርሰቱ ላይ አልነበረም። መለሰችው።

ከኋላ የቆሙት የአባቴ ጓደኞች «ድገሚያት!» እያሉ በፉጨት አቀለጡት። በድራማው ገበሬ የሆኑት ልጆች ከወንበሬ ሊያወርዱኝ ሲመጡማ ሕዝቡ «ተዉአት!» ብሎ ጮኸ። በዚያ ቀን መተማ ላይ የባላባት ሥርዓት ሳይወድቅ ቀረ።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ ቀጥ ብዬ ዴስኩ ላይ ተቀመጥኩ። ሰናይት አየችኝና ፈቀቅ አለችልኝ። ካባውን እኮ አልለበስኩም ነበር።

ዛሬም ውሃውን አመጣችልኝ። ሞቋል። አልመለስኩትም፤ አጠገቤ አስቀምጫት ለሁለት ጠጣነው።

እናንተስ በትምህርት ቤት ድራማ ማንን ሆናችሁ ሠራችሁ? ጻፉልኝ። እመቤት ብቻ እንዳትሉ፣ ቦታው ተይዟል።