አዲስ አበባ የቀሩት ጽንሶች

እንቁላሎቼ አዲስ አበባ በሚገኝ ክሊኒክ ከተወሰዱ በኋላ ሆዴ ክፉኛ አበጠ። ሐኪሙ ከእንቁላሎቹ የሚፈጠሩት ጽንሶች እዚያው አድገው በማቀዝቀዣ ይቆዩልሻል፣ ሲሻልሽ ትመለሻለሽ አለኝና ከባለቤቴ ጋር ወደ ነቀምቴ መጣን።

ስልኩ ሲደወል ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ የባለቤቴ እናት ቤት ነበርን። የክሊኒኩ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት።

“አዝናለሁ፣ እህቴ። አብዛኞቹ እንቁላሎች አልበሰሉም ነበር። ከበሰሉት የተገኙት ጽንሶችም ማደጋቸውን አቁመዋል። የምናስቀምጠው የለም።”

አመሰግናለሁ ብዬ ዘጋሁት።

አማቴ አማርኛ ስለሚቸግራቸው ባለቤቴ በኦሮምኛ ነገራቸው። አንድ ነገር ጠየቁት። ቋንቋውን ብዙም ባልችልም ጥያቄያቸው ገባኝ።

“የት ቀበሯቸው?”

እኔም ሆንኩ እሱ ይህን ለመጠየቅ አላሰብንም። ባለቤቴ መሬት መሬቱን እያየ እናቱን፣ “እዚያው ቀብረዋቸዋል፣ አዮ” አላቸው። ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር።

አማቴ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። እኔ እንባ አልመጣልኝም። ጎረቤታቸው ልቅሶውን ሰምታ ማን እንደሞተ ልትጠይቅ መጣች። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆመና፣ “ትንሽ አሟቸው ነው” ብሎ መለሳት።